በኋላ ማርሽ የወጣነው ዳገት

እውነቱን ልናገር፤ ያቺን መኪና የገዛኋት ላሽከረክራት አልነበረም። ሆዷን ከፍቼ መዳቧን ላወጣ ነበር።

ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ መጠምጠም ነው። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእንጨት ቤት መላጊያ፣ ኮልፌ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚቃጠል ነገር ሁሉ አንድ ቀን እኔ ደጅ ይመጣል። ለዚህ ሥራ መዳብ ያስፈልጋል፤ ለመዳብ ደግሞ ወደ ቆሼ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ዘንድ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ከዛጉ አልጋዎች ክምር ሥር አየኋት። መሪ አላት፤ በር የላትም። ወንበር አላት፤ መስታወት የላትም። ጣሪያዋ በአራት ቀጫጭን ዘንግ ላይ እንደ ዳስ ቆሟል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት ነጋዴውን።

«የጎልፍ መኪና ነው። ፈረንጆቹ ኳሷን ይመቷትና እግራቸው እንዳይደክም በዚህ ሆነው ይከተሏታል።»

«ኳስ የሚጫወት ሰው እግሩ እንዲደክም አይደል እንዴ የሚጫወተው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ትወስዳለህ አትወስድም?»

ጎንበስ ብዬ ከወንበሯ ሥር አየሁ። እንደ ጎመን ድስት የወፈረ የኤሌክትሪክ ሞተር ተጋድሟል። በዓይኔ መዘንኩት፤ የሦስት ወር መዳብ ነው። ወሰድኳት።

ሰፈር ስትደርስ ባለቤቴ ከደጃፍ ቆማ ከላይ እስከ ታች ገረመመቻት። ባለቤቴ ስትገረምም ቀለም ይለቃል።

«አልጋ ነው ኪዮስክ?»

«መኪና ናት። በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው።»

«በእኛ ሰፈር ኤሌክትሪክ?» አለች። «እንግዲያው ቆማ ማርጀቷ ነው።» ብላ ገባች።

ሌላ ሥራ በዛብኝና ሳልፈታት ሁለት ወር ግቢ ውስጥ ቆመች። ዶሮዎቻችን ቤት አደረጓት። አውራው በሾፌሩ ወንበር፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ ጠዋት ጠዋት ሲያዩዋቸው ለቅሶ የሚሄድ ቤተሰብ ይመስሉ ነበር።

ሐጂ የገቡት በዚህ መሐል ነው። ሐጂ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ የስልጤ ሰው። አርባ ዓመት አጠና ተራ ላይ የባሕር ዛፍ አጠና ሸጠዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ከጭነት መኪና ላይ አጠና ሲወርድ ክምሩ ተንዶ ቀኝ ጉልበታቸውን አደቀቀው። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው እግሩን አተረፉት፤ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ቀረ። «አርባ ዓመት አጠና ሸጥኩ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ እግሬ ውስጥ ገብቶ ቀረ» ይላሉ ራሳቸው።

ይህ እግር ለተሽከርካሪ የተፈጠረ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ የሦስት ሰው ጭን ይሻገራል። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ እግሩ ውጭ ይቀርና ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። ሐኪም ቤት የሚሄዱት በቤት መኪና የኋላ ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኝተው ነው። ለሕክምና ተኝቶ መሄድ ምንም አይደለም፤ ሰው ቤት ግን ተኝተው አይሄዱም። በክራንች እንዳይሞክሩት ደግሞ የእኛ መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ዳገቱም ፍየል የሚያስል ነው። እኛ ከታች ወንዙ ጋ ነን፤ ዓለም ሁሉ ከላይ አስፋልቱ ጋ ነው።

አንድ ጊዜ አራት ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው በትከሻቸው ሊያወጧቸው ሞከሩ። ዳገቱ መሐል ሲደርሱ አንዲት ሴትዮ ከመስኮቷ አየቻቸውና «ወይኔ ሐጂን!» ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሦስተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ጎረምሶቹ አስፋልት ሳይደርሱ ከኋላቸው ሐያ የሚያህል አልቃሽ ተሰልፎ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ብዋሽም በትንሹ ነው። ሐጂ ከወንበሩ ላይ «አለሁ! አለሁ!» እያሉ ቢጮኹ ማን ይሰማቸዋል? ያን ዕለት ተመልሰው ወረዱ፤ «ከእንግዲህ በሰው ትከሻ የምወጣው ሳልሰማ ነው» ብለው ማሉ።

የሐጂ ሐዘን ግን ዳገቱ አልነበረም። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ነበር።

አጠና ተራ አርባ ዓመት ሙሉ አብሯቸው የነገደ አንድ ወዳጅ አላቸው። ከከፋ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። ጋሼ ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጎኑ ከዳውና አልጋ ላይ ዋለ። ቤቱ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ከሐጂ ደጅ እስከ እሱ ደጅ ብዙ ቢባል አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። አንደኛው መውጣት አይችልም፤ ሌላኛው መውረድ አይችልም። በእነዚህ አራት መቶ ሜትሮች ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲጮኹ ኖሩ። የሁለቱም ጆሮ ደክሟል፤ ስለዚህ ወሬያቸውን ከሳንሱሲ እስከ አየር ጤና ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

«ምን በላህ?» ይላሉ ሐጂ።

«ጾም ነኝ!»

«እኔም ጾም ነኝ!»

«ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?»

«የምጠይቅህ አጥቼ ነው!»

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ፣ ረመዳን ቀድሞ እስኪያልቅ፣ ተገጣጥመው ነበር። ቀን ላይ ሰፈሩ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ለማየት ሕፃን መፈለግ ነበረብህ።

ሁለቱ ወዳጆች አንድ ልማድ ነበራቸው። ጋሼ ለፋሲካ ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን ቤተሰቡ ያርዳል። ሁለተኛው ታስሮ ሐጂን ይጠብቃል። ሐጂ በበዓሉ ጠዋት ይመጡና በጉን ራሳቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙረው፣ ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ፤ በተለየ ድስት፣ በተለየ ቢላ ይሠራል። ከዚያ ሁለት ትሪ አጠገብ ለአጠገብ ቀርቦ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ትሪ አብረው ይበላሉ። ለአረፋ ደግሞ ተራው ይገለበጣል፤ በጉ እኛ ጎረቤት ታስሮ ጋሼን ይጠብቃል። የሐጂ እግር ከደረቀ በኋላ ጋሼ በጉን ራሱ ይዞ ይወርድላቸው ነበር፤ ከተኛ ወዲህ ግን ይህ ልማድ ሁለት ዓመት ተቋርጧል። በጉ ቢላክላቸውስ? ሐጂ አይፈልጉም። «በግ አጥቼ ነው እንዴ?» ይላሉ።

በደብረ ዘይት ሰሞን አንድ ከሰዓት ሐጂ ክራንቻቸውን እየተመረኮዙ የሞተራቸውን ነገር ሊጠይቁኝ መጡ፤ የውሃ ፓምፓቸው እኔ ዘንድ ነበር። ቆመው ስለደከማቸው ዶሮዎቹን አባረርኩና «ሐጂ፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኳቸው። በጀርባቸው ገብተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። መኪናዋ በር የላትም፤ ወለሏ ዝቅ ያለ ነው፤ ፊቷ ክፍት ነው። ያ አጠና እግር ማንንም ሳይነካ፣ ከምንም ሳይጋጭ ወደፊት ተዘረጋ። ሐጂ እግራቸውን አዩት። ወንበሩን ዳሰሱት። 

«ይሄ ነገር ይሄዳል?» አሉ።

እዚህ ላይ ነው አፌ የቀደመኝ። «እንዴት አይሄድ ሐጂ! ትንሽ ብነካካው ይበራል። ለፋሲካ ጋሼ በር ላይ አደርስዎታለሁ!»

ቀልድ ነበር። ቢያንስ ግማሹ ቀልድ ነበር። ሐጂ ግን ስልካቸውን አውጥተው ደውለው ነበር።

«ስማ! ለፋሲካ እመጣለሁ!»

«በምን?»

«በመኪና!»

 ከዚያ የጋሼ የተኮላተፈ አንደበት ከስልኩ ወጣ፤ እኔ እንኳ ሰማሁት። «እንግዲያው በጉን አስገዛለሁ። አንተ ሳትመጣ አልፈስክም።»

ባለቤቴ ከማድ ቤት በር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሐጂ እስኪወጡ ጠበቀችና «አንተ ሰውዬ» አለች፤ «ያ ሰው እኮ የታመመ ሰው ነው። አልፈስክም ካለ አይፈስክም። ምን አባክ ልታደርግ ነው?»

ካቻቢቴዬን ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ።

ሆዷን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘሁት አይጥ ነው። አንድ አይጥ አይደለም፤ ቀበሌ። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን ዘመን በልቶታል፤ የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ካርቦን ገዝቼ በሞረድ እየሞረድኩ ልኩ አደረስኩት። ጎማዎቿ ፈርሰዋል፤ የባጃጅ ቸርኬ አስበስቼ ገጠምኩላት፤ ጎሚስታው «ይቺን ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአየር መንገድ» አልኩት። ፍሬኗን ፈትቼ አጥቤ መለስኩት፤ ፍሬኑን ግን ሦስት ጊዜ ነው የፈተሽኩት፤ ሐጂን ወደ ወንዝ ልሰዳቸው አልፈልግም። የባትሪው ማስቀመጫ በአሲድ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፤ በያጁ አዲስ ብረት ለጠፈበት። ተበጣጥሶ የነበረውን ዋናውን ወፍራም ሽቦ እኔ ራሴ ቀጠልኩት።

የመኪናዋ ባትሪዎች ስድስት የነበሩ ናቸው፤ የሉም። እነዚያን የሚመስል አገር ቢዞር አይገኝም። ግን ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሦስት የተራ መኪና ባትሪ በተከታታይ ካያያዝክ የምትፈልገው ኃይል ይመጣል። ደንበኞች ትተውብኝ ከሄዱት ባትሪዎች ሦስቱን መርጬ አስሬ ቻርጅ አደረግኩ። መብራት ሲመጣ እየሰካሁ፣ ሲሄድ እየነቀልኩ ሦስት ቀን ፈጀ።

ሐጂ በየቀኑ ከግድግዳው ባሻገር ይጠይቁኛል። «ነቃች?»

«ተገላበጠች ሐጂ!»

«እሱ ዛሬም ደወለ።»

«ምን አሉ?»

«ነቃች ወይ አለ።»

በሆሳዕና ዕለት ጠዋት፣ ሕዝቡ የዘንባባ ቀለበቱን በጣቱ አድርጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ መኪናዋን አወጣኋት። ሜዳው ላይ ፔዳሉን ረገጥኩ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ዝም ብላ ሄደች። ባለቤቴ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። ሐጂ ከደጃቸው «አላሁ አክበር!» አሉ። በደስታ ወደ ዳገቱ አዞርኳት።

ሐያ ሜትር። ከዚያ እንደ ሽማግሌ አህያ ቀስ፣ ቀስ፣ ቆም። ከወንበሩ ሥር የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ወጣ። ይኸው ነው። ፍሬን ይዤ፣ በቁልቁለቱ እየተንሸራተትኩ ተመለስኩ። ሐጂ በራቸውን ዘጉ። ሐጂን በማውቃቸው ዘመን ሁሉ ቀን ላይ ያ በር ተዘግቶ አይቼ አላውቅም ነበር።

በሰሙነ ሕማማት አጠና ተራ ወጣሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮቹ ሁለቱን አዛውንቶች ያውቋቸዋል፤ ግማሾቹ ሥራ የጀመሩት የእነሱን አጠና በመጫን ነው። ችግሬን ነገርኳቸው። ክብ ሠርተው እንደ ሸንጎ ቆሙ።

«ባትሪህ ደካማ ነው» አለ አንዱ። «ለፋሲካ መኪኖቻችን ይቆማሉ። የእኛን ሦስት ባትሪ ውሰድ።»

ላቅፈው ስል ከአስኮ የሚመጣ አንድ ሽበታም ሾፌር እጁን አነሳ። «ባትሪ ብቻ አይደለም። ዳገቱን በፊት ማርሽ ነው እንዴ የሞከርከው?»

«በፊት ነዋ! በምን ላድርገው?»

ሁሉም ባንድ ላይ ሳቁብኝ። «አንተ ጤና የለህም? በኋላ ማርሽ ነዋ! ድሮ እኛ አጠና ጭነን ዳገት እምቢ ሲለን አዙረን በኋላ ማርሽ አይደል እንዴ የምንወጣው? ከኋላ ማርሽ የሚበረታ ማርሽ የለም።»

«ወንድሞቼ» አልኳቸው፤ «ይቺ ማርሽ የላትም። የኤሌክትሪክ ሞተር ናት። ወደፊትም ወደ ኋላም አንድ ኃይል ናት። ሥራዬ እኮ ነው!»

«ሥራህ ሽቦ ነው» አለ ሽበታሙ። «ዳገት የእኛ ሥራ ነው።»

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት ሦስቱ ባትሪዎች መጡ፤ እያንዳንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አሰርኳቸውና ዳገቱን በፊት ሞከርኩ። ትንሽ ተሻለች፤ ያው ሽታ ግን ወጣ። ሽበታሙ ሾፌር እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ያየኛል። ለማሳፈር ብዬ መኪናዋን አዞርኩና ማብሪያዋን ወደ ኋላ አደረግኩ። ፔዳሉን ነካሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዳገቱን ደረጃ እንደሚወጣ ልጅ እየዘለለች ወጣች! ሐምሳ ሜትር ያህል ሄጄ ባትሪ እንዳልጨርስ አቆምኩ። ሽበታሙ አልሳቀም። ዝም ብሎ ጃኬቱን አራግፎ ሄደ። ያን ያህል የሚያበሽቅ ዝምታ አይቼ አላውቅም።

ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ከበዓሉ በኋላ ስፈታታት ነው። መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ኳስ ስትከተል የኖረችው ወደፊት ነው። ወደፊት የሚያስኬዳት የማብሪያው መዳብ ተቃጥሎ፣ ተበልቶ፣ ከሰል መስሏል፤ ኤሌክትሪኩን አንቆ ይይዘዋል። የኋላው መዳብ ግን አዲስ ነው። ሁለት ሽቦ ባለዋውጥ ኖሮ ወደፊት ትወጣ ነበር፤ ሁለት ሽቦ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ይህን ለባለቤቴ ብቻ ነግሬያታለሁ። ለሾፌሮቹ እስከ ዛሬ አልነገርኩም፤ አልነግርምም።

ያን ቅዳሜ ማታ ግን እኔና ባለቤቴ ሐጂ ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ስልክ ተደወለ። ጋሼ አልነበረም፤ ልጁ ናት፤ አርባዎቹን የያዘች፣ አባቷን የምታስታምም ሴት። አባቷ ከዓርብ ጀምሮ ቃል አልተናገረም። ስቅለትን ምንም ሳይቀምስ ውሏል፤ ዛሬም ውሃ ብቻ ነው የነካው። «ሐጂ አባባ፣ ሾርባ ልስጠው ብል ከንፈሩን ገጠመብኝ» አለች። «በዓይኑ በሩን ነው የሚያየው። ካልመጡ እባክዎ ይንገሩኝ፣ ዝም ብዬ አልጠብቅዎት።»

ሐጂ ስልኩን ይዘው ወደኔ አዩ። 

«እንመጣለን ይበሏት» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። «ብንሸከማትም እንመጣለን።»

የፋሲካ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በኋላ ተነሳን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ ቢላቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። በኋላ ማርሽ ስለምንወጣ ፊታቸው ወደ ሰፈሩ፣ ጀርባቸው ወደ ዳገቱ ነው። እኔ አንገቴን እንደ ጉጉት አዙሬ ወደ ኋላ እያየሁ እነዳለሁ። ባለቤቴ የበዓል ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት ከበላያችን ዳገቱን እየወጣች ትመራለች።

«ና! ና! ና! ግራ ቁረጥ! መልስ! ውይ፣ መልስ አልኩህ እኮ! ና!»

«በየት በኩል ነው ግራው? ያንቺ ነው የኔ?»

«ትክክለኛው ግራ ነዋ!»

ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጣ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለግራም ለቀኝም «እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን አደረሳችሁ!» ይላሉ። አምስት ዓመት ያላዩዋቸው ቤቶች ፊት ለፊታቸው አንድ በአንድ እየራቁ ይሄዱ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ያቺ ደረቷን የመታችው ሴትዮ ሳትቀር እልል አለች።

ሁለት ሦስተኛውን ያህል ወጥተን፣ ዳገቱ ከሁሉ በሚከብድበት ቦታ፣ ከወንበሩ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ፍሬኑን ረገጥኩ። ባለቤቴ ድንጋይ አንስታ ከጎማው ሥር ወሸቀች።

ወርጄ ከፈትኩ። የቀለጠው እኔ የቀጠልኩት ሽቦ ነበር። የሥራዬ ነገር፣ ሰላሳ ዓመት የኮራሁበት። ሌላውን ሁሉ ያረጀ ዕቃ ይዟት ወጥቷል፤ የቀለጠው የእኔ እጅ ነው። የሚተካ ወፍራም ሽቦ የለኝም፤ በፋሲካ ጠዋት የሚከፈት ሱቅ የለም። ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚህ ላይ ሆኖ የጋሼ የቆርቆሮ በር ይታያል። አንድ መቶ ሜትር ቢቀረው ነው።

ጎረምሶች ተሰበሰቡ። አንዱ «ሐጂ፣ እናንሳዎት» አለ። የሐጂ ፊት ተለወጠ። መሐላቸውን ያልሰማ የለም።

«ሐጂ» አልኳቸው ከመሬት፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂ ግን እኔን አይሰሙኝም ነበር። መሪውን ያያሉ፤ ጎማውን ያያሉ።

«ይቺ መኪና ናት አይደለችም?» አሉኝ።

«ናት።»

«እንግዲያው ምን ያስደነግጥሃል? መኪና ተበላሽቶበት ተገፍቶ የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ?» ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ፤ ድምፃቸው የአጠና ተራ ድምፅ ሆነ። «ምን ታያላችሁ? ግፉ እንጂ!»

እኔ መሪ ያዝኩ። የምንሄደው ወደ ኋላ ስለሆነ የሚገፉት ከፊት ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ከሐጂ ጋር ተፋጠጡ። የነጠላ ለባሹም የኮፍያ ለባሹም ትከሻ በአንድነት ብረቱ ላይ ተደግፎ፣ የሐጂ እግር በመሐላቸው እንደ መድፍ ተዘርግቶ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ!» ባለቤቴ «ና! ና!» ማለቷን አልተወችም። ሐጂ የሚገፋቸውን እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ «አባትህ እንዴት ነው? አንተስ፣ ሚስት አገባህ ሲሉ ሰማሁ!» ይላሉ። ሰውዬው መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ ከየት ያምጣ?

በመሐሉ አንድ ነገር ገባኝና ሳቄ መጣ። ሥራ ፈትቼ አንድ ወር የተጠበስኩት ለምንድነው? መሪና አራት ጎማ ብቻ ቢኖራት ኖሮ በደብረ ዘይት ማግሥት ገፍተን እናወጣቸው ነበር! ግን አይሆንም ነበር መሰለኝ። ሐጂ የሚገፋ አልጋ ላይ አይወጡም። የተበላሸች መኪና ለመሆን መጀመሪያ የምትሠራ መኪና መሆን ነበረባት።

የጋሼ ልጅ በሩን በርግዳ ቆማለች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። መኪናዋን ግቢው ውስጥ አስገባናት። በጉ ቧንቧው አጠገብ ታስሯል። የጋሼ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ከውስጥ የቀጠነ ፊት ታየ። ሁለት ዓመት በስልክ ሲጮኹ የኖሩ ሰዎች ተያዩ።

በመጨረሻ ጋሼ፣ ከዓርብ ጀምሮ ያልተናገረው ሰው፣ በተጣመመ አፉ «ቆየህ» አለ።

«ዳገት ነው» አሉ ሐጂ።

ለማረድ መንበርከክ አይችሉም፤ ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። እሳቸው ግን ከወንበሩ ወደ መኪናዋ ወለል ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ ወለሏ ዝቅተኛ ነው፤ እግራቸው ወደ ጎን ተዘረጋ። እኔና ሁለት ጎረምሶች በጉን ወደ ቂብላ አዙረን እግራቸው ሥር አስተኛን። ቢስሚላህ ብለው አረዱ። 

ጥብሱ እስኪደርስ ሌላ ሰዓት ሄደ። የጋሼ ዶሮ ወጥ ከሌሊቱ ጀምሮ ተሠርቶ ቁጭ ብሏል፤ ልጁ በየአሥር ደቂቃው «አባዬ፣ ትንሽ ብቻ?» ትለዋለች። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከዚያ በደህና እጁ ወደ መኪናዋ ጠቆመ። ጋሼ ተሸከሙኝ ብሎ አላፈረም፤ ሰው ሲያነሳው ለምዷል። ብርድ ልብስ ጠቅልለን አውጥተን ከሐጂ አጠገብ ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤ በግራ በኩል እንዳይወድቅ ባለቤቴ ትራስ አደረገችለት።

ሁለት ትሪ መጣ። አንዱ በሐጂ ጭን፣ አንዱ በጋሼ ጭን። ጋሼ በግራ እጁ መያዝ፣ በቀኙም ከጾሙ ድካም የተነሳ በደንብ መጠቅለል አቅቶታል። ሐጂ እጃቸውን ታጥበው ከጋሼ ትሪ፣ ከራሱ ከጋሼ ዶሮ ቆርሰው ጠቀለሉና ወደ አፉ አቀረቡለት።

ልጁ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። እኔም።

ከንፈሩ ተከፈተ። ቀስ ብሎ አኘከ፤ ዋጠ። ሁለተኛዋን ሐጂ ጠቅልለው ሰጡት። ሦስተኛዋን ግን ሐጂ የራሳቸውን ጥብስ ሊቀምሱ እጃቸውን ሲመልሱ፣ ጋሼ በክርኑ ጎሸም አደረጋቸውና ራሱ ጠየቀ።